ለጀማሪ የፎቶ ውድድር ሥራ አስተያየት አሰጣጥ፦ ከ«አሪፍ ነው» ያለፈ

«ልጄ ለውድድር ልታስገባው ያሰበችውን ፎቶ አሳየችኝ፤ ምን ልበላት?» ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አንዳንዴ አባት ነው፤ አንዳንዴ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የሚመራ መምህር፤ አንዳንዴ ደግሞ ካሜራ ከገዛ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከእሱ በኋላ የገዙት «እስቲ እይልኝ» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡት ወጣት። ለየብቻ ከምመልስ ብዬ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

መለኪያችሁ አንድ ነው፦ ጀማሪዋ በሚቀጥለው ጊዜ ካሜራ ስታነሳ አንድ ነገር በሌላ መንገድ ካደረገች አስተያየታችሁ ሠርቷል። ደስ ማለቷም መከፋቷም መለኪያ አይሆንም።

እንዲጨበጥ ደረጃዎቹን በአንድ ፎቶ ላይ እያሳየሁ እሄዳለሁ። የውድድሩ ርዕስ «እጅ» ነው። ያነሳችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ በስልክ። ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ገብታ፣ ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ሲሠራ አንስታዋለች። ከጀርባው መስኮት አለ። ሰውዬው ወደ ስልኩ እያየ ፈገግ ብሏል፤ መወርወሪያውን የያዘው እጁ ደብዝዟል፤ የተዘረጋው ድር ብርሃን በዝቶበት ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል፤ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። የፎቶው ስም «ጥንታዊ ጥበባችን» ይላል። ውድድሩ ሊዘጋ 12 ቀን ቀርቶታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው ፋይል። በቴሌግራም ከሆነ የሚላከው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ «ፋይል» ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ አብረውት የሚሄዱት መረጃዎችም (የሻተር ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የተቀበለበት የጊዜ ርዝመት፤ አይኤስኦ፣ ማለትም ለብርሃን ያለው ንቃት፤ የተነሳበት ሰዓት) ይጠፋሉ። ያኔ ያበላሸው ማንሻው ይሁን መላኪያው መለየት አትችሉም።
- የውድድሩ ደንብ፣ ሙሉው። ፖስተሩ ላይ ያለው ማጠቃለያ አይበቃም።
- ከስልክ የሰፋ ስክሪን። ብርሃኑን መካከለኛ አድርጉት፤ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ምርጫም አጥፉ፤ አለበለዚያ የሌለ የቀለም ችግር ታያላችሁ።
- እንደ አናጢ ስኳድራ በኤል (L) ቅርጽ የተቆረጡ ሁለት የካርቶን ቁራጮች። ለክሮፕ፣ ማለትም የፎቶውን ጠርዝ ቆርጦ ለማጥበብ፣ ማሳያ ናቸው። የጫማ ካርቶን ይበቃል።
- ወረቀት፣ እስክሪብቶና ግማሽ ሰዓት።

ከመጀመራችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ

ፎቶውን ራሳችሁ አታስተካክሉላት። ይህን የምለው ስላደረግኩት ነው። አንድ ልጅ የላከልኝን ፎቶ «እንዲገባው» ብዬ ቆርጬ፣ ቀለሙን አስተካክዬ መለስኩለት። እሱ ደግሞ የእኔን ስለወደደው ያስገባው እሱን ሆነ። ከዚያ አዘጋጆቹ ዋናውን ፋይል ላክ አሉት፤ የላከውና ያስገባው አልተመሳሰሉም፤ ከውድድሩ ወጣ። ልጁ ደንብ አልጣሰም፤ የጣስኩት እኔ ነበርኩ። አሁን የማሳየው በካርቶን ነው፤ ካርቶን ፋይል አይነካም።

ሌላው፦ የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዋናውን ፋይል ተቀብላችሁ ለሦስተኛ ሰው ካስተላለፋችሁ የልጅቷን ወይም የሸማኔውን ቤት አድራሻ አብራችሁ ልትሰጡ ትችላላችሁ። ፋይሉ እናንተው ጋ ይቅር።

ደግሞም ብዙ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ፣ እሷ ሳትጠይቅ፣ አስተያየት አትስጡ። ያኔ የምትሰማው የሰዎቹን ሳቅ እንጂ የእናንተን ምክር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ፎቶውን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ

«ገብቷል ወይስ ገና ነው?» ገና ከሆነ ንግግራችሁ ሊደርስ በሚችል ነገር ላይ ይሁን፤ ተመልሳ ማንሳት ትችላለች ወይስ ያላትን ብቻ ነው የምታስተካክለው? ገብቶ ካለቀ ግን «እዚህ ጋ ብትቆርጪው ኖሮ» ማለት ሆዷን ማባባት ብቻ ነው፤ ስለሚቀጥለው ፎቶ አውሩ።

እግረ መንገዳችሁን የማብቂያውን ሰዓት አብራችሁ አስሉ። የውጭ ውድድር ከሆነ «በ23:59 በግሪንዊች አቆጣጠር» ሊል ይችላል፤ እሱ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ከ59 ነው። በቀን በኩልም ሁለት ካላንደር ስላለን ቀኑን በሁለቱም ጻፉት። «12 ሰዓት» የሚለውን አንብቦ ማታ 12 መስሎት ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

«በተለይ ምኑን እንድመለከትልሽ ትፈልጊያለሽ?» የዚህችኛዋ መልስ «ቀለሙን» ነበር። ቀለሙ ዋናው ችግር ባይሆንም የተጠየቃችሁትን ሳትመልሱ ወደሌላ ብትሄዱ አልሰማኝም ትላለች። «ምን ልታሳዪ ፈልገሽ ነው?» የሚለውን ግን ገና አትጠይቁ። መልሱን ከሰማችሁ ዓይናችሁ የተነገረውን ፍለጋ ይሄዳል፤ ዳኛ ደግሞ የሚነግረው የለም።

ደረጃ 2፦ ደንቡንና ፎቶውን ጎን ለጎን አድርጉ

ውብ ፎቶ በመጠን ማነስ ብቻ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ስለ ውበት ከማውራት በፊት ይህን ጨርሱ። የረጅሙ ጎን ፒክሰል ይበቃል? የተነሳበት ቀን በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ ነው? ፎቶው ላይ ስሟን ጽፋበታለች? (ዳኞች የማን እንደሆነ ሳያውቁ የሚዳኙባቸው ውድድሮች ስም ያለበትን ይጥላሉ።) የሚታየው ሰው ፈቅዷል? ሕፃን ከሆነ ወላጅ ያውቃል?

ኤዲት ላይ ቆም በሉ። እንደ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ያሉ የዜና ፎቶ ውድድሮች ከፎቶው ውስጥ ዕቃ ማጥፋትም መጨመርም ይከለክላሉ፤ ወደ መጨረሻ ዙር የሚያልፉትንም ዋናውን ፋይል ያስመጣሉ። ስለዚህ «ጀሪካኑን በስልክሽ አጥፊው» የምትል ቀላል ምክር ልታስባርራት ትችላለች። ስልኩ ሳይጠየቅ ፊት የሚያለሰልስ ከሆነም አሁኑኑ ይጥፋ።

ደረጃ 3፦ አፍ ዘግታችሁ እዩ

ፎቶውን ከፍታችሁ ዓይናችሁ የሄደበትን ቦታ በቅደም ተከተል ጻፉ። ከዚያ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሳችሁ ድገሙት። ዳኞች በመጀመሪያው ዙር ብዙ ፎቶ በላይ በላይ ስለሚያዩ በትንሹ ያልተያዘ ፎቶ ትልቁን የማሳየት ዕድል አያገኝም።

በሸማኔው ፎቶ ላይ እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፦ መስኮቱ፣ ጀሪካኑ፣ ፊቱ፣ እጁ። ርዕሱ «እጅ» ሆኖ እጁ አራተኛ ወጣ። አሁን «ምን ልታሳዪ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «መወርወሪያውን ሲወረውር ፍጥነቱን» አለች። በዚህ መልስና በእናንተ ዝርዝር መካከል ያለው ልዩነት የአስተያየታችሁ ጉዳይ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ይቆይ።

ደረጃ 4፦ የተሳካውን ነገር በስሙ ጥሩት

«ያምራል» አይጠቅምም። ጀማሪ ጥሩ ነገር በአጋጣሚ ስለሚሠራ ምን እንደሠራ ካልተነገረው አይደግመውም። እዚህ ፎቶ ላይ የተሳካው ከፍታው ነው። ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ስለሚቀመጥ ቆሞ የሚያነሳው ሰው የሚያገኘው አናቱን ነው። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ከዓይኑ ትይዩ አንስታዋለች። ይህን ስነግራት «መቆሚያ ስላጣሁ ነው የተቀመጥኩት» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ባልነግራት ኖሮ በሚቀጥለው ቆማ ታነሳ ነበር።

ደረጃ 5፦ ጉድለቱን እስከ መንስኤው ተከተሉት

አስተያየት ሰጪዎች የሚደክሙት እዚህ ነው። «ደብዝዟል» የሚለውን እሷም ታየዋለች፤ የማታየው ለምን እንደደበዘዘ ነው። ፎቶውን አጉሉና መርምሩ።

መደብዘዝ ሦስት ዓይነት ነው፣ መድኃኒቱም ይለያያል። የመስኮቱን ፍሬም ጨምሮ ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ የተንቀጠቀጠው የአንሺዋ እጅ ነው፤ ክርኗን ጉልበቷ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ታስደግፍ። ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ አንድ ነገር ብቻ ከተሳበ የተንቀሳቀሰው የሚነሳው ነገር ነው። ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለ ነገር ጥርት ብሎ ዋናው ከደበዘዘ ደግሞ ፎከሱ የተሳሳተ ቦታ ላይ አርፏል። የሸማኔው ፎቶ ላይ ከእጁ አጠገብ ያሉት ክሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ እጁ ብቻ ነው የተሳበው። ስለዚህ ሁለተኛው ነው። «ፎከስሽን አስተካክዪ» ብላችኋት ቢሆን ኖሮ ያልታመመችውን አክማችኋት ነበር።

ከዚያ የፋይሉን መረጃ ክፈቱ። ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ»፤ በብዙ ስልክ ላይ ፎቶውን ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። እዚህ የተጻፈው የሻተር ፍጥነት 1/20 ሰከንድ ነው። ለማነጻጸሪያ ያህል፦ ተረጋግቶ ለተቀመጠ ሰው 1/60፣ ለሚራመድ ወይም እጁ ለሚሠራ 1/250፣ ለሚሮጥ ልጅ 1/500 አካባቢ ያስፈልጋል። የአብዛኛው ስልክ ዋና ሌንስ ቀዳዳው ስለማይሰፋና ስለማይጠብ፣ ጨለማ ሲሆን ስልኩ ያለው አማራጭ ወይ ሻተሩን ማዘግየት ወይ አይኤስኦ መጨመር ነው። እዚህ ዘግይቷል። ለምን? መስኮቱ ከሸማኔው ጀርባ ስለሆነ እጁ ያለው ጥላ ውስጥ ነው።

ድሩ ለምን ተቃጠለ? ስልኩ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ይሞክራል። ጥር 11 ጃን ሜዳ ላይ የሚነሱ ፎቶዎችን አስቡ፦ ሜዳው በሙሉ ነጭ ነጠላ ስለሆነ ካሜራው «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቶች ይጠቁራሉ። የሸማኔው ቤት ግልባጩ ነው፦ ክፍሉ ጨለማ ስለሆነ፣ ስልኩም ፊት ስላየ፣ ለፊቱ ብሎ ብርሃን ጨመረ፤ ነጩ ድር ጠፋ። ጨለማ የሆነ ቦታ በኋላ በመጠኑ ይነሳል፤ ተቃጥሎ ነጭ የሆነ ግን ውስጡ ምንም ስለሌለ አይመለስም። መፍትሔው ስታነሳ እጁ ላይ ስክሪኑን ነክታ፣ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች መሳብ ነው።

አንድ ቀላል ነገርም አትርሱ፦ በመስኮቱ ዙሪያ እንደ ጭጋግ ያለ ብርሃን ከፈሰሰ ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ። ብዙ «የጥራት ችግር» እዚህ ያልቃል።

ፎቶው ውጭ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን እዩ። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ፈጥና ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል፤ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ገደማ፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው የሚገኘው። በ6 ሰዓት የተነሳ ፊት የዓይኑ ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል፤ መፍትሔው በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ውስጥ ማስገባት ነው።

ደረጃ 6፦ አንድ ብቻ ምረጡ

ከዘረዘራችሁት ውስጥ ብዙ ጉድለት የሚያስከትለውን አንድ መንስኤ ፈልጉ። ጀማሪ ሰባት ነገር ይዞ ቢሄድ ቦታው ሲደርስ አንዱንም አያስታውስም፤ አንዱን ካስያዛችሁት ያደርገዋል። እዚህ ፎቶ ላይ መንስኤው የተቀመጠችበት ቦታ ነው። እጁ የደበዘዘው፣ ድሩ የተቃጠለው፣ ዓይናችን መጀመሪያ መስኮቱ ላይ የሄደው ሁሉም ከመስኮቱ ትይዩ በመቀመጧ ነው። ሸማኔው አይንቀሳቀስም፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው እዚያ ነው። የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት።

ተመልሳ ማንሳት የማትችል ቢሆን ምርጫው ሌላ ይሆን ነበር፦ በካርቶኖቹ መስኮቱንና ጀሪካኑን ሸፍናችሁ «ይህን ያህሉ ብቻ ቢቀርስ?» ብላችሁ ማሳየት። ስትቆርጥ ግን ፒክሰሉ ከደንቡ በታች እንዳይወርድ።

ደረጃ 7፦ ያያችሁትን፣ ምክንያቱንና የሚደረገውን ተናገሩ

ብዙ ጊዜ የሚላከው ይህ ነው፦ «አሪፍ ነው፣ ግን ብርሃኑና ፎከሱ ይስተካከል፣ ባክግራውንዱም ተዝረክርኳል፣ በርቺ!» ልጅቷ ይህን አንብባ ነገ ጠዋት ምን ታድርግ?

እኔ የላክሁላት ይህን ነው፦

«ቀለሙ ደህና ነው፣ አትንኪው። ዝቅ ብለሽ ከዓይኑ ትይዩ ማንሳትሽ አብረነው የተቀመጥን አስመስሎናል፤ ይህን አትተዪው። ዓይኔ እጁ ጋ የደረሰው ከመስኮቱና ከፊቱ በኋላ ነው፤ ስደርስም ደብዝዞ አገኘሁት። ፋይሉ 1/20 ሰከንድ ይላል፤ መስኮቱ ከጀርባው ስለሆነ እጁ ብርሃን አላገኘም፣ ስልኩም ዘገየ። 12 ቀን አለሽ። ሸማኔውን አስፈቅደሽ ተመለሺና መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃኑን ሳትጋርጂ ተቀመጪ። እስኪረሳሽ ጠብቂ። እጁ መወርወሪያውን ተቀብሎ ሊመልስ ሲል ለቅጽበት ቆም ይላል፤ ያኔ አንሺ። 30 ጊዜ አንሺና ሦስቱን መርጠሽ ላኪልኝ።»

ቁጥሩን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። «ብዙ አንሺ» ሲባል ጀማሪ አምስት ያነሳል። ሦስቱን እሷ ትምረጥ ያልኩት ደግሞ መምረጥም የሚለመድ ሥራ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 8፦ መልሳ እንድትነግራችሁ አድርጉ

«ገባሽ?» ካላችሁ «እሺ ጋሼ» ትላለች። እሺ ማለት ገባኝ ማለት አይደለም፤ ይሉኝታም ነው፣ አክብሮትም ነው፣ «ቶሎ ልቀቀኝ»ም ነው። «ስትሄጂ መጀመሪያ የት ትቀመጫለሽ?» በሏት። ወረቀት ላይ ክፍሉን ሥላ መስኮቱን፣ ሸማኔውንና ራሷን ታስቀምጥ። ይህችኛዋ ራሷን የሣለችው መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑን ጋርዳ ነበር። በቃል ብቻ ቢሆን አይታወቅም ነበር።

የተለመዱ ስህተቶች

«እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ መጀመር። የምትነግሯት የእናንተን ፎቶ ነው፤ እሷ ያነሳችው የራሷን።

ዕቃውን መውቀስ። «በዚህ ስልክ አይሆንም» ሲባል የምትሰማው «ተዪው» የሚል ነው። አብዛኛው የጀማሪ ችግር ከመቆሚያ ቦታና ከብርሃን ስለሚመጣ ስልኩ ቢቀየርም አብሯት ይሄዳል።

ዋናውን ነገር ከመሐል ወደ ጎን አውጪ የሚለውን ሕግ ለሁሉም መምዘዝ። ስላወቅነው ብቻ እንናገረዋለን። ሸማኔው መሐል መሆኑ ምንም አልጎዳውም።

ስሙን መዝለል። «ጥንታዊ ጥበባችን» ለመሶብም ለእንስራም ይሆናል። እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ የሚናገር ስም ግን የዳኛውን ዓይን ወደ እጁ ይመልሳል። ይህን የምትነግሯት ፎቶው ከተመረጠ በኋላ ነው።

ሌላው ቀድሞ የታየውን ነገር ማሳደድ ነው። ይህን ፎቶ ያሳየኋቸው ሰዎች በሙሉ የተናገሩት ስለ ጀሪካኑ ነበር፤ ምክንያቱም ቢጫ ነው፣ ለመናገርም ቀላል ነው። እኔ ዝም አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ሦስት ፎቶ ላከች። አንዱ 1/125 ይላል፤ ጣቶቹ ይቆጠራሉ፤ ድሩ ክር በክር ይታያል፤ ሰውዬውም ወደ ሥራው አቀርቅሯል። ጀሪካኑ ደግሞ በሌላኛው ጥግ ብቅ ብሏል። እሱን ያነሳሁባት ያኔ ነው።